የቆምኩበት ሁሉ

ማክሰኞ ጧት ነበር፣ ወደ ኩራር ስወርድ፣
የክትባት ሳጥኔን ከኋላ አስሬ፤
ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ብይዘው
ጮኸች እንጂ አልቆመችም ሞተሬ።
ብረት ብረት ሲግጥ፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው፣
ያ ድምፅ ነው ገደሉን ወደኔ ያመጣው።

በማርሽ ይዤ፣ እግሬን እየጎተትኩ
አንድ ድንጋይ ላይ ጎማዋን አስደግፌ ቆምኩ።
የኩራር ፍየሎች ሳይከተቡ ዋሉ።

እንየው ጋራዥ ሄድኩ። «ነገ» አለኝ።
ነገ ሄድኩ። «ከነገ ወዲያ» አለ፣ ከባጃጅ ሆድ ስር ተኝቶ።
በሦስተኛው ቀን ሸራውን ብቻ ገዛሁት፣
የቁልፉን ቁጥርም ጠየቅሁት።
«አስራ ሁለት» አለና ሳቀ፣
«ምነው፣ መርፌ መውጋት መሰለሽ?»
መርፌ መውጋት መስሎኛል። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ከቧንቧው አጠገብ፣ በተደፋ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።
የአከራዬ የልጅ ልጅ፣ ልየው፣ በስልኬ ያበራልኛል፤
መብራቱ ግን ልጁ ያየውን ሁሉ ያያል፣
ድመት ስታልፍ ድመቷን፣ በር ሲንኳኳ በሩን።

ብሎኖቹ እምቢ አሉ።
ናፍጣ ቀባኋቸው፤ እስኪያስቡበት ጠበቅሁ።
አንዱ ወዲያው ተናገረ፤
ሌላው ቁልፉ ላይ በእግሬ እስክቆም ድረስ
የማንን ምስጢር እንደያዘ እንጃ።
ካሊፐሩን በሲባጎ ከመሪው አሰርኩት፣
በዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል፤
ጥጃ ሲወለድ በእትብቱ አይጎተትም።

ሸራዎቹ ወጡ።
አንደኛው እንደ ጥፍር ሳስቷል፤
ሌላው የለም፣ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።
በብሩሽ ስጠርገው ጥቁር ብናኝ፣ ደቃቅ፣
መዳፌ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ።
ይሄ ነው እንግዲህ፣ አልኩ፣ የቆምኩበት ሁሉ፦
በገበያ ቀን በግ ጎትታ ያቋረጠችኝ ሴት፤
መሃል መንገድ የተኛው አህያ፣ አልነሳም ያለው ቢለምኑት፤
ጎርፍ የበላው የድልድይ ጫፍ፤
«ላሜ ወደቀችብኝ» ብሎ እጁን የዘረጋ ገበሬ፤
ደግሞም ያች ምሽት፣ የውብሸት ሱቅ በር ላይ፣
ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ሳልወርድ፣
ቆሜ ቆሜ
ምንም ሳልል የሄድኩባት።
እሷም እዚህ ውስጥ ናት፣ ከሌሎቹ ሳትለይ።
የተሄደበትን የሚቆጥር ሰዓት ከመሪው ላይ አለ፤
የቆሙበትን የሚቆጥር ይሄ ብቻ ነው፣
እሱም እያለቀ።

ዲስኩን በጥጥና በከብቶቹ አልኮል ወለወልኩ።
ፒስቶኑን በአሮጌው ሸራ ወደ ውስጥ ስገፋ፣
ቀስ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ ቀስ፣
መምሬ አስረስ ከማኅበር ሲመለሱ
ከጀርባዬ ቆመው አዩኝ፦

«ለምን ጎንበስ አለች ቢሉኝ ይህች ዛፍ፣
ፍሬን ይዛ እኮ ነው ከግንድ እስከ ጫፍ።»

አሉና ገቡ።
ጎጃም ነው፤ ብሎን የሚፈታም ያለ ቅኔ አይታለፍ።
ሰሙን ያኔ ሰማሁ፤
ወርቁ የገባኝ ማታ እጄን በኦሞ ስታጠብ ነው።

ሁሉም ገባ፣ ሁሉም ታሰረ።
መሬት ላይ አንዲት ሮንዴላ ተረፈች።
ፈታሁት። ቦታ የላትም።
አስሬ ደግሜ ፈታሁት። የላትም።
ልየው መብራቱን ወደ ሰማይ አዙሮ
«የኔ ናት» አለ፣ «ከኪሴ ወድቃ ነው።»
ይሄን ለመናገር አንድ ሰዓት ፈጀበት።

እጀታውን ብጨብጠው ባዶ፣
ሰው እንደሌለበት ቤት እስከ ውስጥ ገባ።
ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው።
ደገምኩ። ሠለስኩ።
በአምስተኛው አንድ ነገር ከውስጥ መለሰልኝ፣
በትኩሳት የደከመች ጊደር አንገት ስር
ጣት እንደሚያገኘው ምት፤
በሰባተኛው ጠነከረ።

አርብ ወጣሁ። አዲሱ ሸራ ዲስኩን ገና አያውቀውም።
እንዲላመዱ ብዬ ሜዳው ላይ
ዘጠኝ ጊዜ ያለ ምክንያት ቆምኩ፤
ያየኝ ሁሉ «ምን ነካት» አለ።
አሥረኛውን የውብሸት ሱቅ በር ላይ።
ሞተሩንም አጠፋሁ።

ወደ ኩራር የወረድኩት ረፍዶ ነው።
ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ያዝኩት፤
ድምፅ የለም።
ገደሉ እዚያው ቦታው ላይ ነበር።